የብርሃንን ግፊት የለካው ፒዮትር ለቤዴቭ

ፒዮትር ለቤዴቭ እ.ኤ.አ. በ1866 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ንግዱን እንዲወርስ ቢመኝም ልጁ ለመካኒክና ለኤሌክትሪክ አደላ፤ በሞስኮ ቴክኒክ ትምህርት ቤትም ምሕንድስና ጀመረ። ሳይጨርስ በ1887 ፊዚክስን ፍለጋ ወደ ስትራስቡርግ፣ ወደ አውጉስት ኩንት ዘንድ አቀና። ምሕንድስና አንድ ሰው አጣች፤ የመሐንዲስ እጁ ግን አብሮት ሄደ። በ1891 የዶክተርነት ማዕረጉን ይዞ ተመለሰና በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ያዘ።

ማክስዌል በ1873 ብርሃን የሚያርፍበትን አካል እንደሚገፋ በስሌት አመልክቶ ነበር። ግፊቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለመለካት የሞከሩት ሁሉ ከሸፈባቸው፤ ታላቁ ኬልቪን ሳይቀር ነገሩን ይጠራጠር ነበር። ይሁንና ዋናው ጠላት የግፊቱ ማነስ ሳይሆን ሙቀት ነበር። ብርሃን የመታው ገጽ ይግላል፤ በዙሪያው የቀረው አየር ከጋለው ገጽ እየነጠረ የብርሃኑን ግፊት በብዙ እጥፍ ይሸፍነዋል። ለቤዴቭ ሁለቱም ገጾች እኩል እንዲግሉ ክንፎቹን ከስስ ብረት ሠራ፤ በቀጭን የመስታወት ክር አንጠለጠላቸው፤ ብርሃኑን ከፊትና ከኋላ እያፈራረቀ አበራ፤ አየሩንም በሜርኩሪ ትነት ጠርጎ አወጣ። ውጤቱን በ1900 በፓሪስ ጉባኤ አቀረበ፣ በ1901 አሳተመ። መስታዋት መሰሉ ክንፍ ከጥቁሩ እጥፍ ያህል ተገፋ፤ ልኩም ከማክስዌል ስሌት ጋር በ20 በመቶ ልዩነት ውስጥ ተስማማ።

በ1911 መንግሥት በዩኒቨርሲቲው ነጻነት ጣልቃ ሲገባ ከ100 በላይ መምህራን ሥራቸውን ለቀቁ። ልቡ የታመመው ለቤዴቭም የገነባውን ላቦራቶሪ ትቶ ወጣ፤ ከውጭ አገር የመጣለትን ግብዣ ሳይቀበል በአንድ ምድር ቤት ሥራውን ቀጠለ። በ1912፣ በ46 ዓመቱ አረፈ።

እሱ የለካው ግፊት ዛሬ የማስታወሻ መሣሪያ ሆኗል። የሌዘር ብርሃን በጥቃቅን የሚርገበገቡ አካላት ላይ ሲያርፍ፣ ድግግሞሹ በልኩ ከተመረጠ፣ ርግብግቢቱን እየቀማ ያበርዳቸዋል፤ በ2011 እስከ መጨረሻው ዝቅተኛ የኳንተም ደረጃ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ብርሃን የራሱን ሁኔታ ለአካሉ ሊያስረክብና መልሶ ሊረከብ ይችላል። በሽሮ ሜዳ ሸማኔ እጅ መወርወሪያው ወይ በቀኝ ወይ በግራ ነው። ሱፐርፖዚሽን በሚባለው ድርብርብ ሁኔታ ግን አንዱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የሚጠበቀውም በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ነው። ይህን ዝምድና ከሚያጠፉት አንዱ ደግሞ ያው የለቤዴቭ ጠላት፣ ሙቀት ነው። በ2020 በኔዘርላንድ በዴልፍት ከተማ እጅግ በቀዘቀዘ የሲሊከን ዘንግ ላይ የተሠራው ማስታወሻ ጉልበቱን ለ2 ሚሊሰከንድ ያህል ሲይዝ፣ ዝምድናው የቆየው በማይክሮሰከንድ ለሚቆጠር ጊዜ ብቻ ነበር።