የኢንሱሊን ግኝት ባለታሪክ ዶክተር ፍሬድሪክ ባንቲንግ
ከባልደረቦቻቸው ጋር ኢንሱሊንን ለሕክምና ያበቁት ካናዳዊው ሐኪም ዶክተር ፍሬድሪክ ባንቲንግ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 14 ቀን 1891 በኦንታሪዮ ግዛት አሊስተን አቅራቢያ ከአንድ የገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ዕለቱ የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ባንቲንግ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1916 ከተመረቁ በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጦር ሐኪምነት አገልግለዋል። በ1918 በፈረንሳይ ካምብሬ ግንባር የቆሰሉ ሲሆን፣ ለፈጸሙት ተግባር የጀግንነት ሜዳይ ተሸልመዋል።

ከጦርነት መልስ ግን ኑሮ አልቀናቸውም። በ1920 ለንደን በተባለችው የኦንታሪዮ ከተማ የከፈቱት ክሊኒክ በመጀመሪያው ወር ያስገኘላቸው ገቢ 4 ዶላር ብቻ ነበር። ገቢያቸውን ለመደጎም ማስተማር ጀመሩ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር መጨረሻ ለትምህርት ሲዘጋጁ ስለ ቆሽት የተጻፈ ጽሑፍ አነበቡ። የቆሽት ቱቦ ቢቋጠር የምግብ መፍጫ ፈሳሽ አመንጪው ክፍል ሟሽሾ፣ ስኳርን የሚቆጣጠረው ንጥረ ነገር ሳይበላሽ ሊገኝ ይችላል የሚል ሐሳብ የመጣላቸው በዚያ ሌሊት ነው።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ሐሳቡን በጥርጣሬ ቢያዩትም ላቦራቶሪ፣ ውሾችና ቻርልስ ቤስት የተባለ ወጣት ረዳት ሰጧቸው። ሥራው በሜይ 1921 ተጀመረ። በዓመቱ መጨረሻ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ጄምስ ኮሊፕ ቡድኑን ተቀላቅለው ንጥረ ነገሩን የማጣራቱን ኃላፊነት ወሰዱ።

በዘመኑ በስኳር በሽታ ለተያዘ ሕፃን ሐኪሞች የነበራቸው አማራጭ ምግብ ቀንሶ ዕድሜውን በጥቂቱ ማራዘም ብቻ ነበር። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ለ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተሰጠው የመጀመሪያ መርፌ በቂ ውጤት አላመጣም። ከ12 ቀናት በኋላ ኮሊፕ ያጣሩት ሲሰጠው ግን በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወረደ።

ቡድኑ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በ1 ዶላር አስተላለፈ። የ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ብቻ ሲሰጥ ባንቲንግ ተቆጥተው የገንዘብ ድርሻቸውን ለቤስት አካፈሉ፤ ማክላውድም ለኮሊፕ እንዲሁ አደረጉ። ማክላውድ ላቦራቶሪውን ባይፈቅዱ፣ ኮሊፕም ባያጣሩት ኖሮ ሐሳቡ ሐሳብ ሆኖ በቀረ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። በባንቲንግና በማክላውድ መካከል የነበረው ቅሬታ ግን አልሻረም።

ባንቲንግ በፌብሩዋሪ 1941 ወደ ብሪታኒያ ሲጓዙ አውሮፕላናቸው በኒውፋውንድላንድ ተከስክሶ በ49 ዓመታቸው አረፉ።

ኢንሱሊን ሕይወት እንደሚያተርፍ እንጂ በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቁ ነው ያለፉት። የኢንሱሊን ተቀባዩ ፕሮቲን ታይሮሲን ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሆኖ እንደሚሠራ የታወቀው ከ1982 ጀምሮ በተካሄዱ ምርምሮች ነው። በስብ ሕዋስ ላይ ኢንሱሊን ከውጭ ሲያርፍ፣ የተቀባዩ ውስጠኛ ክፍል ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ያስራል፤ በቅድሚያ በራሱ ላይ፣ ቀጥሎም በአጠገቡ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ። መልእክቱ እየተቀባበለ ሲደርስ በሕዋሱ ውስጥ ተከማችተው የቆዩት ግሉኮስ አስገቢ ፕሮቲኖች ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ስኳሩ ይገባል፤ የስብ መቅለጥም ይገታል።

ሊዮናርድ የጎደለው ኢንሱሊኑ ራሱ ነበር። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ግን ኢንሱሊን እያለም ከተቀባዩ ወደ ውስጥ የሚተላለፈው መልእክት ይዳከማል።