ሐንስ የተማረው ምን ነበር?

ዊልሄልም ፎን ኦስተን በ1838 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ ጀርመናዊ የሂሳብ መምህር ነበሩ። በርሊን ግቢያቸው ውስጥ ሐንስ የሚባል ፈረሳቸውን ሂሳብ አስተማሩት። ሐንስ መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቆጥራል፤ ሲያገኘው ካሮት ይጎርሳል። በ1904 አጣሪ ኮሚሽን ቢመጣም ማጭበርበር አላገኘም። ሽማግሌው እውነትም አላጭበረበሩም!

በ1907 የወጣው የኦስካር ፕፉንግስት ጥናት ግን ጉዱን ገለጠው። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ካላየ፣ ሐንስ እንደ ማንኛውም ፈረስ ነው። መምህሩ ጠይቀው ኮቴውን ለማየት ትንሽ ጎንበስ ሲሉ መምታት ይጀምራል። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጭንቀታቸው ይለቃቸውና ራሳቸው በጥቂቱ ቀና ይላል፤ እሱም እዚያው ላይ ያቆማል። ቅንድብ ማንሳት እንኳ ይበቃው ነበር። ካሮቱ ያስተማረው መደመርን ሳይሆን የሰው ፊት ማንበብን ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ፕፉንግስት ምስጢሩን ካወቀ በኋላም የራሱን ምልክት መደበቅ አቃተው። (እኛስ ተማሪ ሰሌዳ ፊት አቁመን ስንጠይቅ ፊታችን ምን ይላል?)

ፎን ኦስተን ግኝቱን ሳይቀበሉ በ1909 ሞቱ። ሐንስም ካርል ክራል ለሚባል ነጋዴ ተላለፈ።