ሱዛና ዌስሊና የእሑድ ምሽት ጉባኤዋ

የቁጠባ ቀናችንን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጋር ስናያይዝ፣ መምህር ሳይኖር እርስ በርስ መማር ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ከመካከላችን ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ ያስታወስናት ሴት ሱዛና ዌስሊ ናት። ለእኛ የቀረበችን በልጆቿ ዝና ሳይሆን በዕዳዋ ነው።

ሱዛና እ.ኤ.አ. በ1669 ለንደን ውስጥ ለአባቷ 25ኛ ልጅ ሆና ተወለደች። ሳሙኤል ዌስሊ የተባለ ቄስ አግብታ ኤፕዎርዝ በምትባል የእንግሊዝ ገጠር ኖረች። ከወለደቻቸው 19 ልጆች ዘጠኙን በሕፃንነታቸው ቀበረች። በ1705 ባሏ ዕዳ መክፈል አቅቶት ሲታሰር፣ ሌላ የምትሰጠው ስላልነበራት የጣት ቀለበቶቿን አውልቃ ላከችለት፤ እሱም መለሰላት። የዕለት እንጀራ አጥታ ታውቅ እንደሆነ ሊቀ ጳጳሱ ቢጠይቋት፣ ፈጽሞ ባታጣም፣ ከመብላቷ በፊት ለማግኘት፣ ከበላችም በኋላ ለመክፈል የምትጨነቀው ጭንቀት እንጀራውን እንዳመረረባት ነገረቻቸው። ይህን ለእኛ አባላት ማስረዳት አያስፈልግም።

በ1709 ቤታቸው ተቃጠለ፤ የ5 ዓመቱ ጆን በመስኮት ወጥቶ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ምሽት መደበች። ሐሙስ የጆን ነበረች።

ዋናው ነገር የሆነው በ1711 መጨረሻ ነው። ባሏ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ለንደን ሄዶ ሳለ፣ እሑድ ማታ ልጆቿንና የቤት ሠራተኞቿን ሰብስባ ትጸልይ፣ ስብከት ታነብላቸው ጀመር። አንድ የቤት ልጅ ለወላጆቹ ነገረ፤ እነሱም መጡ። ጎረቤት ጎረቤቱን እያስከተለ 200 ያህል ሰው ደረሰ፤ ቦታ አጥቶ የሚመለስም ነበር።

ባሏን የተካው ረዳት ቄስ አልወደደውም፤ ከሰሰ። ባሏ ሌላ ሰው ያንብብ ብሎ ጻፈ። እሷ ግን ከመጡት ወንዶች ፊደል ሳይቆጥር ስብከት ማንበብ የሚችል እንደሌለ መለሰች። ሴት መሆኗን አልደበቀችም፤ ቄሱ በሌለበት የነፍሶቹ አደራ በእሷም ላይ እንዳለ ግን ተናገረች። ደግሞ ቀድሞ ከ25 የማይበልጡበት የማታ ጸሎት አሁን ከ200 በላይ እንደሚመጣበት አስረዳችው። በመጨረሻም ጉባኤው ይቅር ካለ ምክር ሳይሆን ቁርጥ ያለ ትእዛዝ እንዲሰጣት ጠየቀችው፤ በፍርድ ቀን ተጠያቂው እሱ እንዲሆን ነው። እንዲህ ያለ አክብሮት የተሞላበት እምቢታ ብዙ አላየንም። ባሏ አልከለከላትም።

በዚያ ክረምት ጆን 8፣ ቻርልስ 4 ዓመታቸው ነበር። ሁለቱ አድገው የሜቶዲስት እንቅስቃሴን መሠረቱ። በ1742 መጀመሪያ በብሪስቶል ከተማ የጸሎት ቤት ዕዳ ስለነበረባቸው፣ ምእመናኑ 12 በ12 ተከፍለው እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣ ተስማሙ፤ የሌለው ሲኖር የቡድኑ መሪ ይከፍልለታል። መዋጮ ሊሰበስብ የሚዞረው መሪ የሰውን ኑሮና እምነት ማየት ጀመረ፤ የዕዳው ቡድን ሳምንታዊ የእምነት ማኅበር ሆነ።

ሱዛና በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ለንደን ውስጥ፣ ልጆቿ በዙሪያዋ ቆመው ዐረፈች። ነፍሷ ስትወጣ የምስጋና መዝሙር እንዲዘምሩ አዛቸው ነበርና ዘመሩ።