የሰብልን ጥም የለኩት ሐዋርድ ፔንማን

ከጮቄ ተራራ የሚወርዱትን ወንዞች ጠልፎ በቢቸና ወይም በሞጣ ደጋ ድንችና ሽንኩርት በበጋ ለማልማት የተነሣ መሐንዲስ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ሰብሉ በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣል? ሰብል ከጠጣው ውሃ አብዛኛውን በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ስለሚመልሰው፣ ጥያቄው የትነት ጥያቄ ነው። ይህን ከግምት አውጥተው በስሌት መስመር ካስያዙት ሊቃውንት ዋነኛው ሐዋርድ ላቲመር ፔንማን ናቸው።

ፔንማን እ.ኤ.አ. በ1909 በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውካስል አጠገብ በምትገኘው ደንስተን ተወለዱ። የተማሩት ፊዚክስ እንጂ እርሻ አልነበረም። በ1937 በሮትሃምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ሲጀምሩ ግን የገጠማቸው የገበሬ ችግር ሆነ። በዘመኑ ትነትን ለማስላት ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ለትነት የሚውለውን ሙቀት ከፀሐይ ጨረር ይቈጥራል፤ ሁለተኛው ነፋስ እርጥበትን ጠርጎ የሚወስድበትን መጠን ያሰላል። ሁለቱም የሚተነውን ገጽ ሙቀት ማወቅን ይጠይቃሉ፤ ይህም በሜዳ ላይ ለመለካት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ፔንማን ሁለቱን መንገዶች በማዋሐድ ይህን አስቸጋሪ ልክ ከስሌቱ አስወጡት። ከዚያ ወዲያ የአየር ሙቀት፣ እርጥበት፣ የነፋስ ፍጥነትና የፀሐይ ብርሃን ሰዓት በቂ ሆኑ። ሥራው በ1948 ታተመ።

በዚያው ጽሑፍ የገላጣ ውሃን፣ የባዶ አፈርንና የሣርን ትነት አነጻጽረው፣ የሣሩ ትነት ከውሃው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ 0.6፣ ከሜይ እስከ ኦገስት 0.8፣ በቀሩት ወራት 0.7 ያህል መሆኑን አመለከቱ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን ከፔንማን የወረስነው ስሌታቸውን ሳይሆን እንዲህ ያለውን ማባዣ ነው። ይህ ጸሐፊም ገና ጀማሪ ሳለ፣ በደረቅ ባዶ መሬት ላይ ከቆመ የትነት መለኪያ ገንዳ የተነበበውን ልክ ሳያመነታ በ0.8 አባዝቷል። ገንዳው በቀን 6 ሚሊሜትር ቢያጐድል፣ በዚህ ማባዣ ለአንድ ሄክታር 48 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል ማለት ነው። ነገር ግን በደረቅ መሬት የተከበበ ገንዳ ከሚገባው በላይ ስለሚያተን፣ ማባዣው 0.6 ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ 36 ሜትር ኩብ ይበቃል። ለ100 ሄክታር የሚበቃው ወንዝ በወረቀት ላይ ለ75 ብቻ ይሆንና፣ የ25 ሄክታር ባለቤቶች ከመዝገብ ይወጣሉ።

የእንግሊዙ ማባዣ በወራት የተከፈለው ለሌላ ሰማይ ነው። በሮትሃምስተድ የረጅሙ ቀን ብርሃን ከአጭሩ ከእጥፍ ይበልጣል፤ በቢቸናና በሞጣ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ነው። ደግሞም በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ በፔንማን ስሌት ውስጥ የፀሐይ ድርሻ ከነፋስ ይልቅ ይጐላል። ስሌቱ ይህን ሁሉ ያስተናግዳል፤ ማባዣው ብቻውን ግን አያውቀውም።

ፔንማን በ1950ዎቹ በዎበርን የእርሻ ጣቢያ ስሌታቸውን በመስኖ ሙከራ ፈተኑ፤ የሮትሃምስተድን የፊዚክስ ክፍልም ለሃያ ዓመት ያህል መሩ። በ1962 የንጉሣዊው ማኅበር አባል ሆኑ። በ1965 ጆን ሞንቲት የቅጠል ቀዳዳዎች በውሃ ላይ የሚያደርጉትን እገዳ በስሌቱ ጨመሩበት፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም የሁለቱን ስም የያዘውን ቀመር በ1998 መለኪያ አድርጎ አወጣው። ፔንማን ይህን ሳያዩ በ1984 ዐርፈዋል።