ፋሬንሃይትና አልረጋ ያለው ውሃ

ፋሬንሃይት የሚለውን ስም በትምህርት ቤት ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። ዳሩ ግን የስሙ ባለቤት በወጣትነቱ ምን ያህል መከራ እንዳየ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ዳንኤል ገብርኤል ፋሬንሃይት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1686 ዓ.ም. በባልቲክ ባሕር ዳር በዳንትዚግ ከተማ፥ ዛሬ የፖላንድ ግዳንስክ በምትባለው፥ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1701 ዓ.ም. ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ አባትና እናቱ መርዛም እንጉዳይ በልተው በአንድ ቀን ሞቱ። ሞግዚቶቹም ንግድ ይማር ዘንድ ወደ አምስተርዳም ሰደዱት። የልጁ ልብ ግን ከሸቀጥ መዝገብ ይልቅ ወደ ቴርሞሜትር ሥራ አዘነበለ። ለምርምሩም ገንዘብ በመበደሩ ሞግዚቶቹ ተቈጥተው፥ ተይዞ ወደ ምሥራቅ ሕንድ እንዲላክ ጠየቁበት። ስለዚህ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወር ኖረ፤ በ1708 ዓ.ም.ም በኮፐንሃገን ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከኦሌ ሮመር ዘንድ የመለኪያ አከፋፈል ዘዴ ተመለከተ።

በዚያ ዘመን ሁለት ቴርሞሜትሮች አንድ ዓይነት ቍጥር አያሳዩም ነበር። ፋሬንሃይት እርስ በርሳቸው የሚስማሙ መሣሪያዎች ሠራ፤ በአልኮል ፈንታም ባዜቃ መጠቀም ጀመረ። በ1717 ዓ.ም. በአምስተርዳም ተቀምጦ መስታወት እየነፋና መሣሪያ እየሸጠ ይኖር ጀመር።

በ1721 ዓ.ም. ክረምት የዝናብ ውሃ በትንሽ የመስታወት ኳስ ውስጥ አድርጎ፥ አየሩን አስወጥቶና አፉን ዘግቶ በብርድ አሳደረው። ብርዱ በእርሱ መለኪያ 15 ዲግሪ ነበረ፤ ውሃም የሚረጋው በ32 ዲግሪ ነው። በማግሥቱ ሲያየው ግን ውሃው አልረጋም። የመስታወቱን ጫፍ ቢሰብረው ወዲያው በረዶ ሞላበት። በመጀመሪያ ምክንያቱ የአየር መጥፋት መስሎት ነበር። በሌላ ጊዜ ግን ኳሱን ይዞ ሲሄድ በደረጃ ላይ ተሰናከለ፤ ውሃውም በመናወጡ ብቻ በቅጽበት በበረዶ ቅርፊት ተሞላ። ቴርሞሜትሩንም ቢያገባበት ወደ 32 ከፍ አለ። ይህን ሁሉ በ1724 ዓ.ም. ለለንደን የንጉሣዊ ማኅበር በጽሑፍ አቀረበ፤ በዚያው ዓመትም የማኅበሩ አባል ሆነ።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ፈሳሽ ነገር እንዲረጋ መቀዝቀዙ ብቻ አይበቃውም፤ እንደ ዘር የሚሆን የመጀመሪያ ቅንጣት ያስፈልገዋል። ዘሩ ከተገኘ ክሪስታሉ በፍጥነት ያድጋል፤ ሲረጋም ሥውር ሙቀቱን ስለሚለቅ ፈሳሹ ይሞቃል። የቀለጠ ብረትና ልዩ ልዩ የማዕድን ቅልቅልም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካዊው ዴቪድ ተርንቡል የቀለጠ ኒኬልን በጣም ጥቃቅን ነጠብጣብ አድርጎ፥ ከሚረጋበት ደረጃ ከ300 ሴንቲግሬድ በላይ ዝቅ እስኪል በፈሳሽነቱ አቈይቶታል። እንዲህ ያለው ብረት መርጋት ሲጀምር ክሪስታሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ ይሮጣል፤ የብረቱም ጥንካሬ ከዚህ አስተዳደግ ጋር የተያያዘ ነው።

ፋሬንሃይት ሚስት ሳያገባ፥ ሀብትም ሳያከማች በ1736 ዓ.ም. በ50 ዓመቱ በሄግ ከተማ ዐረፈ፤ ቀብሩም የድኻ ቀብር ሆነ። ደረጃ ላይ ቢሰናከልም መሰናከሉን በከንቱ አላሳለፈውም፤ ያየውን መረመረ፥ የመረመረውንም ጻፈ። ለተማሪና ለሠራተኛ ወጣት የተወው ሀብት ይህ ነው።