ኸርማን ሽታውዲንገርና በውኃ የሚሟሙ ፖሊመሮች

በውኃ የሚሟሙ ፖሊመሮችን ለተፈለገው አገልግሎት ማዘጋጀት የሚቻለው የሰንሰለቱን ርዝመትና በሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠሉትን ኬሚካዊ ቡድኖች ለየብቻ መቆጣጠር ስለሚቻል ነው። ይህ ዛሬ ቀላል ነገር ቢመስልም፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር ከሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት የተከራከሩበት ጉዳይ ነበር።

ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1881 በቮርምስ ተወለዱ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1903 ከሐለ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ፤ በ1912 በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1920 ባሳተሙት ጽሑፍ የተፈጥሮ ጎማና ፖሊስታይሪንን የመሳሰሉ ቁሶች በተራ ኬሚካዊ ቦንድ የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች መሆናቸውን አስረዱ። በጊዜው የገነነው አመለካከት ግን እነዚህ ቁሶች፣ ሳሙና በውኃ ውስጥ እንደሚፈጥረው ስብስብ፣ በደካማ ኃይሎች የተሰባሰቡ ትናንሽ ሞለኪውሎች ናቸው የሚል ነበር። በ1926 ወደ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ክርክሩ ገና አልተቋጨም።

ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ፖሊቪኒል አልኮል ነው። ቪኒል አልኮል ወዲያውኑ ወደ አሴታልዴሃይድ ስለሚለወጥ፣ ይህ ፖሊመር የሚዘጋጀው የፖሊቪኒል አሴቴትን የአሴቴት ቡድኖች በሃይድሮክሲል በመተካት ነው። ፖሊቪኒል አሴቴት በአሴቶን እንጂ በውኃ አይሟሟም፤ ፖሊቪኒል አልኮል ደግሞ በውኃ እንጂ በአሴቶን አይሟሟም። ቁሱ የትናንሽ ሞለኪውሎች ስብስብ ቢሆን ኖሮ፣ ቡድኑና አሟሚው ሲለወጡ የስብስቡ መጠንም በተለወጠ ነበር። ልኬቶቹ ያሳዩት ግን የሰንሰለቱ ርዝመት በመሠረቱ እንደተጠበቀ መሆኑን ነው። በአሴቴት ቡድን በኩል የበቀሉ ቅርንጫፎች ያሉበት ናሙና በመጀመሪያው ለውጥ ቅርንጫፎቹን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ አሴቴት ቢመለስም ርዝመቱ ይጸናል። በስታርች ላይ የተደረጉ ተመሳሳይ ሙከራዎችም ይህንኑ ደገፉ።

ርዝመቱን ለመገመት ሽታውዲንገር የተጠቀሙበት መሣሪያ የቀጭን ሙሙት ዝልግልግነት ነበር። ዝልግልግነቱ ከሰንሰለቱ ርዝመት ጋር በቀጥታ ያድጋል የሚለው ሕጋቸው ሰንሰለቱን እንደ ግትር ዘንግ በመቁጠሩ ፍጹም አልነበረም፤ ማርክና ሃውዊንክ ለየፖሊመሩና ለየአሟሚው የሚለያይ ኤክስፖነንት በመጨመር አስተካከሉት። ስልቱ ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል።

የሽታውዲንገር ፈተና ሳይንሳዊ ብቻ አልነበረም። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ጦርነቱን በመቃወማቸው ምክንያት፣ በናዚ ዘመን የዩኒቨርሲቲው ሬክተር የነበረው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር ለባለሥልጣናት ከሰሳቸው፤ የሥራ መልቀቂያ እንዲያስገቡም ተገደዱ። መልቀቂያው ተፈጻሚ ሳይሆን ቀርቶ ከባለቤታቸው ከማግዳ ሽታውዲንገር ጋር ምርምራቸውን ቀጠሉ። በ1944 የፍራይቡርግ የአየር ድብደባ ተቋማቸውን አወደመው። በ1953 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1965 አረፉ።

ዛሬ ፖሊቪኒል አልኮል ለጨርቃ ጨርቅ ክር ማጠንከሪያ፣ ለወረቀት ልባስ፣ ለማጣበቂያና በውኃ ለሚሟሟ የማሸጊያ ፊልም ይውላል። አሴቴቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ የተተካበት ዓይነት በሰንሰለቶቹ መካከል ባለው ጠንካራ የሃይድሮጅን ቦንድ ምክንያት ሙቅ ውኃ ይፈልጋል፤ 88 በመቶ ያህሉ የተተካበት ግን በቀዝቃዛ ውኃም ይሟሟል። አምራቹ ርዝመቱን ሳይነካ ሟሚነቱን የሚወስነው ሽታውዲንገር በተከራከሩለት መሠረት ላይ ቆሞ ነው።