የእንቁራሪት እግርና ሉዊጂ ጋልቫኒ

በዛሬው ጽሑፋችን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረ አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም እንነግራችኋለን። ስሙ ሉዊጂ ጋልቫኒ ይባላል። እጃችሁን ስታነሡ፣ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ፣ ልባችሁ ድው ድው ሲል በሰውነታችሁ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየሠራ ነው። የእንስሳ ነርቭና ጡንቻ በራሱ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሙከራ ያሳየው ይህ ሰው ነው። ነገር ግን ሊቃውንቱ ለሁለት ተከፍለው ሲከራከሩበት፣ ጉዳዩ ሳይለይለት ሞተ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ጋልቫኒ በ1737 ቦሎኛ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተወለደ። አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። ልጅየው በወጣትነቱ መመንኮስ ያስብ ነበር፤ በኋላ ግን ሕክምና ተምሮ በ1759 ተመረቀና እዚያው ከተማ አስተማሪ ሆነ። በ1762 የአስተማሪውን ልጅ ሉቺያን አገባ። ልጅ አልወለዱም። ሉቺያ የተማረች ሴት ስለነበረች ባሏ ሙከራ ሲሠራ አብራው ትሠራ ነበር።

በዚያን ዘመን አምፖል የለም፣ ባትሪም የለም። ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚታወቀው በእጅ እየተሽከረከረ ብልጭታ በሚያወጣ መሣሪያ ነበር። የሱፍ ሹራብ ስታወልቁ ጠጉራችሁን የሚያቆመው ዓይነት ኤሌክትሪክ ነው፤ የመሣሪያው ግን በጣም የበረታ ነው።

በ1781 ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት እግሮችን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ያጠና ነበር። (እንቁራሪት ነው ያልነው፣ ጉርጥ አይደለም። ጉርጥ ቆዳው ሻካራ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ።) የእግሮቹ ነርቭ ተገልጦ ይታያል። ነርቭ ማለት ከአንጎልና ከኅብለ ሠረሰር ወደ ጡንቻ የሚሄድ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ነው። አንድ ረዳት ነርቩን በቢላ ጫፍ ሲነካ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሰው ከራቅ ብሎ ካለው መሣሪያ ብልጭታ አወጣ። የሞተው እግር ተወራጨ! መሣሪያውን ከእንቁራሪቷ ጋር ያገናኘ ምንም ሽቦ አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተገርሞ ይተወው ነበር። ጋልቫኒ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ደጋግሞ ሞከረው። መብረቅ ባለበት ቀን ሽቦ ዘርግቶ ሞከረ፤ እግሩ ተወራጨ። በ1786 ደግሞ እንቁራሪቶችን በነሐስ መንጠቆ ከብረት አጥር ላይ ሰቀለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መብረቅ የለም፣ መሣሪያም የለም። መንጠቆው ከብረቱ ጋር ሲነካካ እግሮቹ ተወራጩ። እንግዲያው ኤሌክትሪኩ ያለው በእንስሳው በራሱ ውስጥ ነው፣ ብረቱ መተላለፊያ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። በ1791 ይህንኑ በላቲን ቋንቋ ጽፎ አሳተመ። ሉቺያ ግን ከዚያ በፊት ስላረፈች የታተመውን አላየችም።

ጽሑፉን ካነበቡት አንዱ አሌሳንድሮ ቮልታ የተባለ የፓቪያ ከተማ ፕሮፌሰር ነው። መጀመሪያ አደነቀው። ራሱ ደጋግሞ ሲሞክረው ግን ሐሳቡን ለወጠ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርጥብ ነገር ላይ ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ እንቁራሪቷ እርጥብ ክር ናት እንጂ ሌላ ምንም አይደለችም አለ። እውነት ለመናገር የአጥሩን ነገር በተመለከተ ቮልታ ልክ ነበር። ነሐስና ብረት ሁለት ዓይነት ናቸውና።

ጋልቫኒ ዝምተኛ ሰው ስለነበር ወደ ጭቅጭቅ አልገባም፤ ወደ እንቁራሪቶቹ ተመለሰ። በ1794 ምንም ብረት ሳይኖር የእግሩን ነርቭ በተቆረጠው ጡንቻ ላይ ጣል ሲያደርገው እግሩ ተወራጨ። በ1797 ደግሞ የአንዱን እግር ነርቭ ከሌላው እግር ነርቭ ጋር አነካካ። አሁንም ተወራጨ! ታዲያ ቮልታ ያለው ብረት የት አለ? ለኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቹ መጻሕፍት የሚያወሩት የአጥሩን ብቻ ነው።

በዚህ መሐል የናፖሊዮን ጦር ሰሜን ጣሊያንን ያዘ። አዲሱ መንግሥት አስተማሪዎችን ሁሉ ማሉልኝ አላቸው። ጋልቫኒ ከሃይማኖቱና ከሕሊናው ጋር ስላልተስማማለት አልምልም አለ። በ1798 ከሥራው ተባረረ፤ ደመወዙም ቀረ። ወንድሙ ቤት ገብቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 4 ቀን በ61 ዓመቱ ሞተ።

ከሞተ ከ15 ወር በኋላ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም አሳወቀ። ዛሬ ባትሪ ድንጋይ የምንለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ናፖሊዮን በ1801 ፓሪስ ላይ ሙከራውን አይቶ ቮልታን ሸለመው። ዓለም ወደ ባትሪው ሮጠ፤ የእንቁራሪቷ ጉዳይ ወደ ጎን ተባለ።

ጋልቫኒም ልክ እንደነበር የታወቀው ቆይቶ ነው። በ1840ዎቹ ጥሩ መለኪያ ሲገኝ፣ በርሊን ውስጥ ዱ ቧ ሬይሞን የተባለ ሰው የጡንቻንና የነርቭን ኤሌክትሪክ ለካው። በ1952 ደግሞ ሆጅኪንና ሀክስሌይ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን አሠራሩን አስረዱ። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነርቩ በጣም ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ለኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሴሉ ሽፋን ውጪ ሶዲየም ይበዛል (በምግብ ጨው ውስጥ ያለው ነው)፤ ከውስጥ ደግሞ ፖታሲየም ይበዛል። በዚህ ምክንያት በሽፋኑ ግራና ቀኝ የ70 ሚሊቮልት ያህል ልዩነት አለ፤ ይህም ከአንድ ባትሪ ድንጋይ ሃያ አንደኛው ያህል መሆኑ ነው። መልእክት ሲመጣ በሽፋኑ ላይ ያሉት ትናንሽ በሮች ይከፈቱና ሶዲየሙ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያ ለውጥ በነርቩ ላይ እየተላለፈ ጡንቻው ድረስ ይሄዳል። ሁለቱ ሰዎች በ1963 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ሐኪም ቤት ደረት ላይ እየለጠፉ የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚያነሡበት መሣሪያም የሚለካው ይህንኑ የሰውነት ኤሌክትሪክ ነው።

ቮልት የሚለው ቃል ከቮልታ ስም የመጣ ነው። ወላጆች ደግሞ ጋልቫናይዝድ የሚባለውን የውሃ ቧንቧ ሳታውቁት አትቀሩም፤ እሱ የጋልቫኒ ስም ነው። ቦሎኛ ከተማ በስሙ የተጠራ አደባባይ አለ። እዚያም የድንጋይ ሐውልቱ፣ በእጁ በያዘው ሰሌዳ ላይ ያለችውን እንቁራሪት አቀርቅሮ እያየ ቆሟል።